ስም ሲዛወር፦ የጠቋሚ ስሞች ጉድለትና እርማቱ

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 የፌዴሬሽኑን አባል ክልሎች ሲዘረዝር፣ በስድስተኛው ተራ የሚገኘውን ክልል ስም «ቤንሻንጉል/ጉሙዝ» ብሎ ይጽፈዋል። በሁለቱ ስሞች መካከል የገባችው እዝባር ለሕግ ሰው አያያዥ ምልክት ናት፤ ሁለት ስሞችን አጣምራ አንድ ታደርጋለች። ለኮምፒዩተር ግን ይህችው ምልክት ሌላ ትርጉም አላት። በዩኒክስና ከእርሱ በተወለዱት ሥርዓቶች ዘንድ እዝባር ማለት በግራ ያለው ፎልደር ነው፣ በቀኝ ያለው በውስጡ የተቀመጠ ፋይል ነው ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ባለሙያ የክልሉን ሰነዶች በሥሪት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለማደራጀት ቢነሣና አንዱን የሥራ ቅርንጫፍ በሕገ መንግሥቱ አጻጻፍ ቢሰይመው፣ ሳያስበው «ቤንሻንጉል» የሚባል ፎልደር ከፍቶ በውስጡ «ጉሙዝ» የሚባል ፋይል አኖረ ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ስምና ነገር የተገናኙበት ክር የት ላይ እንደሚበጠስ ለሚመረምር ሰው መልካም መነሻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥሪት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮች ታሪክ የጠቋሚ ስሞች አያያዝ ያስከተላቸውን ሁለት ጉድለቶችና የታረሙበትን መንገድ መግለጽ፣ ይህንንም ከአሶሳና ከአካባቢዋ የስም ታሪክ ጋር አነጻጽሮ ለሙያችን የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የተባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

አንድ ምድር፣ ብዙ ስሞች

የምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ የስምን መለዋወጥ ለማጥናት የተመቸ ስፍራ ነው። የክልሉ ስም እኩሌታ የሆነው ቤንሻንጉል ራሱ ሲወርድ ሲዋረድ የተለወጠ ስም ነው። የታሪክ ተመራማሪው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ አካባቢው ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ያሰፈሩት «ቤላ ሻንጉል» የሚለውን ነው፤ ቤላ በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። ዐረብኛ ተናጋሪው ግን በራሱ ቋንቋ ልማድ «ቤኒ ሻንጉል» አለው። «ቤኒ» በዐረብኛ የእገሌ ልጆች ማለት በመሆኑ፣ የቦታ ስም የነበረው የነገድ ስም መሰለ። ዛሬም «ቤንሻንጉል» እና «ቤኒሻንጉል» ጎን ለጎን ሲጻፉ ይታያሉ፤ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያነብ፣ ማሽን ግን ሁለት ብሎ ይቆጥራል።

የአስተዳደሩም ስም እንዲሁ ተለዋውጧል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር፣ መተከል ደግሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛት የሚለው መጠሪያ ቀርቶ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲቋቋም አሶሳና መተከል እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ የአስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ክልሎችን ሲያቋቁም ስድስተኛው «ቤንሻንጉል» ተባለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሕገ መንግሥቱ «ቤንሻንጉል/ጉሙዝ» ሆነ፤ አሶሳም የክልሉ ርእሰ ከተማ ሆነች።

ይህ ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ወረቀቶች ላይ እንዴት እንደሚታይ እናስብ። ከአብዮቱ በፊት አሶሳ የተወለደ ሰው በወረቀቱ ላይ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት የሚል ይኖረዋል፤ በ1981 ዓ.ም. የተወለደው ልጁ አሶሳ አስተዳደር አካባቢ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ አሶሳ ዞን። ሦስቱም የተወለዱት በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ምድሪቱ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተንቀሳቀሰው ወደ እርሷ የሚያመለክተው ስም ነው።

ከዚህም ይበልጥ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ይገኛል። የአሜሪካ የውሃ ሀብት መሥሪያ ቤት ስለ ዓባይ ተፋሰስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ሰነድ፣ በጠረፉ አጠገብ የታሰበው ግድብ «ቦርደር» ይባል ነበር። ሥራው በምሥጢር ሲዘጋጅ «ፕሮጀክት ኤክስ» ተባለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል «ሚሊኒየም ግድብ» ነበር፤ ወር ሳይሞላው «ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ» ሆነ። በዚህም ስም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመጨረሻው ስም ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ ከ2003 ዓ.ም. በፊት የተጻፈውን አያገኝም። ሰነዱ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ከአሮጌው ስም ወደ አዲሱ የሚያሻግር ጠቋሚ ስላልተቀመጠለት ነው።

ሶፍትዌሩ ስምን ከነገሩ እስኪለይ

የሥሪት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማለት ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ወይም ፕሮግራም ላይ ሲሠሩ፣ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ እየመዘገበ የቀድሞውን ሥሪት ሁሉ የሚያኖር መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው በሰፊው የታወቀው ማርክ ሮችካይንድ እ.ኤ.አ. በ1972 በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ኤስ.ሲ.ሲ.ኤስ. ነው። ዋልተር ቲሺ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1982 አር.ሲ.ኤስ.ን አቀረበ። በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ዲክ ኽሩነ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲ.ቪ.ኤስ.ን አወጣ።

በእነዚህ ሥርዓቶች ስም የሚጻፈው በእያንዳንዱ ፋይል ራስጌ ላይ ነበር። አንድ ሥራ ተጠናቆ «የመጀመሪያው እትም» ተብሎ ይሰየም ቢባል፣ ሲ.ቪ.ኤስ. ሺህ ፋይል ካለ ሺውን ሁሉ እየከፈተ ስሙን ይጽፍባቸዋል። መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ እኩሌታዎቹ አዲሱን ስም ይዘው እኩሌታዎቹ ሳይዙ ይቀራሉ። ነገሩ የአንድ ወረዳ ስም ሲለወጥ በየመዝገብ ቤቱ ያለውን እያንዳንዱን ዶሴ አውጥቶ ሽፋኑን እንደ መፋቅ ነው። ሥራው አድካሚ ከመሆኑም በላይ ፍጻሜው መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ይጠቀምበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለው ሶፍትዌር የነጻ ፈቃዱ በመነሣቱ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ጊት የተባለውን ሥርዓት በጥቂት ቀናት ውስጥ አቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ኃላፊነቱን ለጁኒዮ ሐማኖ አስረከበ። የጊት ዋነኛ ሐሳብ ስምን ከነገሩ ፈጽሞ መለየት ነው። እያንዳንዱ ሥሪት ከራሱ ይዘት በስሌት የሚወጣ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ 160 ቢት ሲሆን በ40 ምልክቶች ይጻፋል። ይዘቱ ካልተለወጠ ቁጥሩ አይለወጥም፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ይህ ቁጥር እንደ ምድሪቱ ነው፤ አይዛወርም።

ነገር ግን አርባ ምልክት በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። ስለዚህ ጊት ለሰው የሚመች ስም ይሰጣል፤ ይህንንም ጠቋሚ ስም እንለዋለን። አንድ የሥራ ቅርንጫፍ በጊት ዘንድ አርባውን ምልክትና አንድ የመስመር መጨረሻን የያዘ፣ በጠቅላላው 41 ባይት የሆነ ትንሽ ፋይል ነው፤ የፋይሉ ስም የቅርንጫፉ ስም ነው። ስም መለወጥ ቢያስፈልግ ሺህ ዶሴ መፋቅ አያሻም፤ ይህችን አንዲት ፋይል መንካት ይበቃል።

ይህ ትልቅ መሻሻል ቢሆንም አዲስ አደጋ አመጣ። በጊት ማኅደር ውስጥ አንድ ነገር በሕይወት የሚኖረው ከአንድ ጠቋሚ ስም ተነሥቶ ወደ እርሱ መድረስ የሚቻል ከሆነ ብቻ ነው። የማኅደሩ ጠራጊ በየጊዜው እየዞረ፣ የሚጠራው ስም የሌለውን ነገር ካቆየ በኋላ ያስወግደዋል፤ የተለመደው የማቆያ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ስለሆነም ስም ለአፍታ ቢሰወርና ጠራጊው በዚያች አፍታ ቢደርስ፣ የጠፋው ስሙ ብቻ አይሆንም፤ ሥራው ራሱ ይጠፋል።

ካርዱና ባሕር መዝገቡ

ጠቋሚ ስሞች ሲበዙ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል መያዝ ዝግታን አስከተለ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2006 ለጊት ሁለተኛ ማስቀመጫ ተጨመረለት፤ ብዙ ስሞች በአንድ ፋይል ውስጥ በተራ የሚዘረዘሩበት ነው። አሠራሩን በመዝገብ ቤት ቋንቋ ብንገልጸው፣ የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የሚወጣ ካርድ ነው፤ ሁለተኛው ካርዶቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ የሚገለበጡበት ባሕር መዝገብ ነው። ካርዱ ወደ ባሕር መዝገቡ ከተገለበጠ በኋላ ይቀደዳል። ፈላጊ ሲመጣ ጸሐፊው በመጀመሪያ ካርዱን ይፈልጋል፤ ካርድ ካጣ ባሕር መዝገቡን ይከፍታል።

ሥርዓቱ ጸሐፊው አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ እንከን የለውም። ብዙ ተጠቃሚ ባለበት ሰርቨር ላይ ግን በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሥራውን ለማፋጠን ጠዋት ባሕር መዝገቡን አንብቦ በአእምሮው ይዟል እንበል። ቀትር ላይ ሁለተኛው ጸሐፊ «አሶሳ» የሚለውን ካርድ ወደ ባሕር መዝገቡ ገልብጦ ካርዱን ቀደደው። ከቀትር በኋላ የመጀመሪያው ጸሐፊ «አሶሳ» ተብሎ ተጠየቀ። ካርዱን ፈለገ፤ የለም። የጠዋቱን መዝገብ በአእምሮው አገላበጠ፤ በዚያም የለም። ስለዚህ «አሶሳ የሚባል የለም» ብሎ መለሰ። ሁለተኛው ጸሐፊ ምንም አላጠፋም፤ ገልብጦ ሳይጨርስ ካርዱን አልቀደደም። የመጀመሪያውም የታዘዘውን ቅደም ተከተል ጠብቋል። ስሙም ከመሥሪያ ቤቱ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠፋም። ነገር ግን «የለም» ተባለ።

ጠያቂው ተራ አንባቢ ቢሆን ጉዳቱ ተመልሶ መምጣት ብቻ ነበር። ጠያቂው የማኅደሩ ጠራጊ ከሆነ ግን «የለም» የሚለው መልስ የጥፋት ትእዛዝ ይሆናል። ስም የለውም የተባለው ሥራ ይወገዳል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ በባሕር መዝገቡ ውስጥ በደንብ ተጽፎ ይገኛል፣ የሚያመለክተው ነገር ግን የለም። እንዲህ ያለ ጉድለት ለማግኘትም አስቸጋሪ ነው፤ የሚከሠተው ሁለት ሥራዎች በቅጽበት ሲገጣጠሙ ስለሆነ፣ ለመመርመር ሲቀርቡት ይሰወራል። ብዙ ማኅደር በያዙና ዘወትር በሚጠረጉ ሰርቨሮች ላይ ግን የቅጽበት መገጣጠም እንግዳ ነገር አይደለም።

እርማቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ጄፍ ኪንግና ማይክል ሐገርቲ የሠሩት ማሻሻያ በዚያው ዓመት በነሐሴ በወጣው 1.8.4 በተባለው የጊት እትም ውስጥ ተካተተ። ማሻሻያው በዋነኛነት ሁለት ነገር ደነገገ። አንደኛ፣ ማንም ጸሐፊ በአእምሮው የያዘውን መዝገብ ከማመኑ በፊት ባሕር መዝገቡ ካነበበው ወዲህ ተለውጦ እንደሆነ ይመልከት፤ ተለውጦ ከሆነ እንደገና ያንብብ። ሁለተኛ፣ ስሞችን ሁሉ መዘርዘር ሲያስፈልግ በመጀመሪያ ካርዶቹ በሙሉ ይነበቡ፣ ከዚያ በኋላ ባሕር መዝገቡ ይነበብ። ስም የሚጓዘው ከካርድ ወደ መዝገብ ስለሆነ፣ አንባቢም በዚያው አቅጣጫ ከተጓዘ በመንገድ ላይ አይተላለፉም። ካርዱ ከመነበቡ በፊት ተቀዶ ከሆነ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል፤ ከተነበበ በኋላ ቢቀደድም ቀድሞ ታይቷል።

እርማቱ አዲስ መሣሪያ አልጨመረም፤ ቅደም ተከተልን ነው ያስተካከለው። የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርትም በዚህ ላይ ያርፋል፦ ስም በሚዛወርበት ሥርዓት ውስጥ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ በስሙም በነገሩም ላይ አይገኝም፤ በማዛወሩና በማንበቡ ተራ ላይ ይገኛል።

በዚያው ዓመት የደረሰ ሌላ ነገር የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ኬ.ዲ.ኢ. የተባለው ታዋቂ የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ 1,500 ያህል የጊት ማኅደሮቹን ለማጣት ተቃርቦ ነበር። የዋናው ሰርቨር ፋይሎች ተበላሹ፤ የማኅደሮቹም የስም ዝርዝር አብሮ ተበላሸ። በልዩ ልዩ ስፍራ የነበሩት ቅጂ ሰርቨሮች ከዋናው የመጣላቸውን ዝርዝር እንደ እውነት ተቀብለው፣ ስማቸው በዝርዝሩ ላይ የሌለውን ማኅደሮች ሰረዙ። ሥራው የዳነው ከጥፋቱ በፊት የነበረውን ቅጂ ይዞ በቆየ አንድ ሰርቨር ነው። ከዚህ ወዲህ ጊት ማኅደር ሲቀዳ ስሞቹ የሚያመለክቱት ነገር በእርግጥ መኖሩን እንዲመረምር ተደረገ። ስም ዝርዝር ላይ አለመገኘት ላለመኖር ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

«ቤንሻንጉል» እና «ቤንሻንጉል/ጉሙዝ»

አሁን ወደ እዝባሯ እንመለስ። በአንድ ፎልደር ውስጥ በአንድ ስም ፋይልም ፎልደርም መፍጠር አይቻልም። «ቤንሻንጉል» የሚባል ቅርንጫፍ ካለ እርሱ ፋይል ነው፤ «ቤንሻንጉል/ጉሙዝ» የሚባል ሌላ ቅርንጫፍ ለመፍጠር ግን «ቤንሻንጉል» ፎልደር መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ጊት ሁለቱን ስሞች በአንድነት አይቀበልም። የ1984 ዓ.ም. አዋጅ የመጀመሪያውን፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለተኛውን ስም ሰጥተዋል። የሕግ ሰነዶችን በየዘመናቸው ስም በቅርንጫፍ የሚያደራጅ ሰው ከዚህ ግጭት አያመልጥም።

ግጭቱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን መፍትሔው ግልጽ ነው፤ አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ይፈጠራል። ችግሩ የሚጀምረው ከአንድ በላይ ቅጂ ሲኖር ነው። በአዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ስሙን ለውጧል እንበል፤ በአሶሳ ያለው ባለሙያ ግን የአሮጌውን ስም ቅጂ እንደያዘ ነው። አዲሱን ለማምጣት ሲሞክር በእጁ ያለው «ቤንሻንጉል» መንገድ ዘግቶ «ቤንሻንጉል/ጉሙዝ» እንዳይገባ ይከለክላል። ጊት ከሰርቨሩ የተሰረዙትን ስሞች ከቅጂው ላይ የሚያጸዳ ትእዛዝ ነበረው፤ ነገር ግን ትእዛዙ አዲሱን አምጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር አሮጌውን የሚያጸዳው። አዲሱ እንዳይገባ የሚከለክለው ደግሞ ያው አሮጌው ነው። እንግዲህ ጽዳቱ በታዘዘበት ጊዜ እንኳ ሥራው መግቢያው ላይ ይሰናከል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ የተደረገው እርማት ተራውን ገለበጠው፤ በመጀመሪያ አሮጌው ይጽዳ፣ ከዚያ አዲሱ ይምጣ። ይህም እንደ ቀድሞው የቅደም ተከተል እርማት ነው። ይሁንና አቅጣጫው የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። በካርዱና በባሕር መዝገቡ ጉዳይ ስሙ አንድ፣ ስፍራው ሁለት ስለሆነ፣ በአዲሱ ስፍራ ሳይጻፍ ከአሮጌው አይሰረዝም። እዚህ ግን ስፍራው አንድ፣ ስሞቹ ሁለት ስለሆኑ አሮጌው ስፍራውን ሳይለቅ አዲሱ አይገባም። ይህም ዋጋ አለው፤ በማጽዳትና በማምጣት መካከል መስመሩ ቢቋረጥ በዚያች መካከል ሁለቱም ስሞች አይኖሩም። አንድ ቅደም ተከተል ለሁሉ ጉዳይ አይበጅም፤ ባለሙያው የሚዛወረው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ጊት አንድ ቅርንጫፍ ወዴት ወዴት ሲያመለክት እንደ ቆየ የሚዘግብ የስም ታሪክ መዝገብ አለው፤ የተለመደው የማቆያ ጊዜ 90 ቀን ነው። ብዙ ባለሙያ በስሕተት ያጠፋውን ሥራ ያገኘው በዚህ መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ ሲሰረዝ የስሙ ታሪክም አብሮ ይሰረዛል። ለአዲሱ ስም ቦታ ለመልቀቅ «ቤንሻንጉል»ን የሰረዘ ሰው፣ ቤንሻንጉል ይባል የነበረውን ዘመን ትውስታ ከቅጂው ላይ አብሮ አጠፋ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ብዙ ስሞችን በአንድ ውል፣ ወይም ሁሉንም ወይም አንዳቸውንም፣ የመለወጥ አሠራር በጊት ውስጥ እየተስፋፋ ሄደ። ሾን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረበው ሪፍቴብል የተባለው አዲስ የስም ማስቀመጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በወጣው 2.45 እትም ውስጥ ገባ። በዚህ ማስቀመጫ ስሞች በየራሳቸው ፋይል አይቀመጡም። ቢሆንም ከአሮጌው ጋር ተስማምቶ ለመኖር ሲባል የእዝባሩ ክልከላ በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ምክንያቱ ያለፈበት ሕግ ከምክንያቱ በኋላም እንደሚኖር የመዝገብ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ፊደልና ስም

በእኛ ዘንድ በዚህ ሁሉ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይጨመራል። ጊት ስሞችን የሚያነጻጽረው ድምፃቸውን ሰምቶ ሳይሆን ባይታቸውን ቆጥሮ ነው። «አሶሳ» እና «አሦሳ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለጊት ግን እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው ሁለት ስሞች ናቸው። አንዱ ባለሙያ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ቢጽፍ፣ ሥራው ሁለት ቅርንጫፍ ሆኖ ይከፈላል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። እንዲሁም ጊት በስም ውስጥ ባዶ ቦታን አይቀበልም፤ ስለዚህ «ቤንሻንጉል ጉሙዝ» ተብሎ ተለያይቶ የተጻፈው ውድቅ ይሆናል። የላቲኑን ሁለት ነጥብም ይከለክላል፤ የእኛን ሁለት ነጥብ ግን ይቀበላል። ሁለቱ ለዓይን እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱ ተቀባይነት ሲያገኝ ሌላው የሚወድቅበት ምክንያት ለተጠቃሚው አይታየውም። ያለ ችግር የሚያልፈው በሰረዝ የተያያዘው «ቤንሻንጉል-ጉሙዝ» ነው።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ሁሉም ፊደል አልተጠቃለለም ነበር። ለጉሙዝ ቋንቋ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ እንዲሁም ለባስኬቶ ከሚያስፈልጉት ጋር የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 በ6.0 እትም ሲሆን፣ የተቀመጡትም ከቀድሞዎቹ ርቆ በሌላ ክፍል ነው። አንድ ፕሮግራም «የግእዝ ፊደል» ብሎ የሚያውቀው የ1999ኙን ክፍል ብቻ ከሆነ፣ የአማርኛውን ስም ተቀብሎ የጉሙዝኛውን «ፊደል አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ጊት ራሱ እንዲህ አያደርግም፤ ይህን የሚያደርገው እኛው በላዩ የምንሠራው የማጣሪያ ፕሮግራም ነው። በክልሉ ስም ውስጥ የተጠቀሰ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የጻፈው ስም በክልሉ ኮምፒዩተር እንዳይመለስ ኃላፊነቱ የባለሙያው ነው።

ለሙያችን የሚሆነው

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሶፍትዌር ሠሪዎች ብቻ ጉዳይ ቢመስልም፣ የሕዝብ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት ዘመን የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል እ.ኤ.አ. በ2018 በካማሺ፣ ከዚያም በኋላ በመተከል በተነሡ ግጭቶች ብዙ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሏል። ተፈናቃይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ንብረት በወረቀት ላይ የተጻፈ የቀበሌ ስም ነው። ያ ስም በአዲሱ ዝርዝር ላይ አልተገኘም ተብሎ ሰውዬው «የለም» ቢባል፣ ስሕተቱ ካርዱን ካጣ በኋላ የጠዋቱን መዝገብ አምኖ የመለሰው ጸሐፊ ስሕተት ነው። ልዩነቱ በዚህኛው የሚወገደው ፋይል ሳይሆን የሰው መብት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የመዝገብ ሥርዓት ለሚቀርጹ ባልደረቦቻችን ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ቦታና ሰው ስሙ ሲለወጥ የማይለወጥ መለያ ይሰጠው፤ ስሙ ጠቋሚ እንጂ መለያ አይሁን። ሁለተኛ፣ ስም ሲዛወር የማዛወሩ ተራ አስቀድሞ ይወሰን፤ አንባቢውም ስሙ በሚጓዝበት አቅጣጫ ይፈልግ። ሦስተኛ፣ አሮጌ ስም ከሥራ ሲወጣ ታሪኩ አብሮ አይሰረዝ፤ «ወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ አሶሳ» ብሎ የመጣን ሰው ወደ ዛሬይቱ አሶሳ የሚያደርስ መንገድ ይኑር። አራተኛ፣ «የለም» የሚለው መልስ ለማጥፋት ወይም ለመከልከል ምክንያት ከመሆኑ በፊት መዝገቡ እንደገና ይነበብ።

አሶሳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ነገ የክልሉን መዝገቦች የሚያደራጁት ወጣቶች ጊትን ከመማሪያ መጽሐፍ ሲማሩ፣ የእዝባሩን ክልከላ እንደ ባዕድ ደንብ ብቻ ባያዩት መልካም ነው። የክልላቸው ስም ራሱ፣ በ1984 ዓ.ም. እና በ1987 ዓ.ም. በተጻፈባቸው ሁለት መልኮች፣ ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ሆኖ ይጠብቃቸዋልና።